ዓለም አልቆ መሳቅ ሟርት ነው ወይ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የመረጥነው የፍቅር አይደለም፤ የትዳርም አይደለም። የቴአትር ነው። «ቴአትር ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ነገሩ የእናትና የልጅ መሆኑን ታያላችሁ። ጸሐፊዋ ማንነቷ እንዲታወቅ ስላልፈለገች ስሟንም የምትማርበትንም ዩኒቨርሲቲ ትተናል። ደብዳቤዋን ረዘም ስለሚል አሳጥረን እናቀርበዋለን።

«ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍላችሁ፡- በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕድሜዬ 20 ሲሆን የምኖረው አሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ብዙ በማይርቅ ከተማ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። አማርኛ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ጽሑፌ ስሕተት ካለው አርሙልኝ።

ዩኒቨርሲቲ የምማረው የሕዝብ ጤና ነው። ቴአትር ትምህርቴ አይደለም። ዘንድሮ ግን የቴአትር ክፍሉ ከሌላ ትምህርት ክፍል የሚመጡትንም እፈትናለሁ ሲል ጓደኛዬ ጎትታ ወሰደችኝ። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ቴአትሩ «ሚስተር በርንስ» ይባላል። ዓለም ከጠፋ በኋላ የተረፉ ሰዎች እሳት ዙሪያ ተቀምጠው አንድ የካርቱን ፊልም ለማስታወስ ሲታገሉ የሚያሳይ ነው። በጣም ያስቃል። ደግሞም ያስፈራል።

እናቴ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ለዘመድ ሁሉ እየደወለች 'ልጄ አክተር ሆነችላችሁ' ስትል ነው የሰነበተችው። አንድ ሌሊት ግን ከሥራ ስትመለስ (የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ማታ ማታ ነው) እኔ ሳሎን ቆሜ ድርሻዬን አጠናለሁ። በቴአትሩ ውስጥ ሰዎቹ ደብተር አውጥተው የጠፉባቸውን ሰዎች ስምና ዕድሜ የሚያነቡበት ቦታ አለ። መንገደኛ ሲመጣ 'እገሌን አይተሃል ወይ?' ብለው ይጠይቁታል። እሱን ነበር ጮክ ብዬ የማነበው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። 'የማንን ስም ነው የምትጠሪው?' አለችኝ። ነገርኳት። 'ከዚያስ?' አለች። 'ከዚያማ ወደ ካርቱኑ ይመለሳሉ፤ ሰዉ ይስቃል' አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። 'አታሟርቺ! በቤቴ ውስጥ ዓለም አለቀ እያልሽ፣ የሙታን ስም እየጠራሽ አትሳቂ!' ብላ መኝታ ቤቷ ገባች።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ። ምግቤን ትሠራልኛለች፤ ስለ ሌላ ሌላው ታወራኛለች። ስለ ቴአትሩ ግን 'አልመጣም፤ ብትተዪው ደስ ይለኛል' ብላ ዘጋችው። እናቴ ልጅ ሳለች፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ታላቅ ወንድሟን ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። እሷም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሱዳን በኩል በእግሯ ነው የወጣችው። የማውቀው ይህንን ብቻ ነው። በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ አይወራም።

ለሕዝብ ልናሳይ 3 ሳምንት ቀርቶናል። አንዷ ጓደኛዬ 'ተውኩት በያትና በድብቅ ሥሪ፤ በምን ታውቃለች?' ትለኛለች። ሌላዋ 'የ20 ዓመት ሰው ነሽ፤ ምን አገባት?' ትላለች። እኔ ደግሞ ልተወው እላለሁ፤ ግን የሚተውኑት ልጆች በሙሉ እኔን አምነው ነው የሚሠሩት። እናቴ ልክ ናት ወይ? ሰው ባለቀበት መሳቅ ነውር ነው ወይ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከሜሪላንድ።»

መልስ፡-

እህታችን ግራ የገባሽ፣ ጊዜሽ አጭር ስለሆነ መልሱን እናስቀድመውና ምክንያቱን እናስከትል። ቴአትሩን አትተዪው። እናትሽንም አትዋሻት። «ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?» ካልሽ ይሄዳሉ፤ ግን ሥራ አለው።

የመጀመሪያዋን ጓደኛሽን ምክር በአጭሩ እንሸኘው። ዋሽንግተን አካባቢ ስንት ሐበሻ እንዳለ አንቺው ታውቂዋለሽ። ፖስተሩ ላይ ፎቶሽን ያየ አንድ ሰው ሠርግ ቤት ውስጥ እናትሽን «ልጅሽን አየናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ይላታል። ያን ጊዜ የምታዝነው በቴአትሩ መሰለሽ? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ ባለማወቋ ነው። ሁለተኛዋ ጓደኛሽ ደግሞ «ምን አገባት?» ብላለች። ሕጉን ከሆነ ትክክል ብላለች። አንቺ የጻፍሽልን ግን ስለ ሕግ አይደለም። እናትሽ መጥታ እንድታይሽ ፈልገሽ ነው።

አሁን እናትሽ የተናገረችውን ቃል ልብ ብለሽ ስሚው። «ባለጌ» አላለችሽም። «ትምህርትሽን ተዪና አዝማሪ ሁኚ» ብላም አልተሳለቀችም። ያለችሽ «አታሟርቺ» ነው። ሟርት ክፉን ነገር በአፍ ጠርቶ ማምጣት ነው። አንድ ልጅ ቡና ላይ ቁጭ ብሎ «እኔ ብሞትስ?» ብሎ ሲቀልድ እናትየዋ «አፍህን በዳቦ!» ትለዋለች። ቀልዱ ስላልገባት አይደለም። ቃል ሥራ ይሠራል ብላ ስለምታምን፣ ልጇንም ስለምትወድ ነው። የእናትሽ ቁጣ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው እንጂ ንቀት አይደለም።

ፍርሃቷም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም በር ተንኳክቶ ልጅ የተወሰደበት ቤት ብዙ ነው። የብዙዎቹ ሬሳ ለቤተሰብ አልተሰጠም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልጃቸው የተገደለባቸው ስንትና ስንት ወላጆች ድንኳን ጥለው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ደረት መትተው ማልቀስ ተከልክለው ነበር። በአገራችን ሰው ሲሞት ለቅሶ አለመቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ አስቢው! ሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ፣ እንደታፈነ ይቀራል። አንድ ቀን አዲስ አበባ ከመጣሽ መስቀል አደባባይ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግቢ። ግድግዳው ላይ የተደረደረው የሰው ፎቶና ስም ነው። እዚያ ቆመው አንድ ፊት የሚፈልጉ አዛውንቶች ታያለሽ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ያሳለፈች ሴት ሌሊት ከሥራ ደክሟት ስትገባ ልጇ መሐል ሳሎን ቆማ የጠፉ ሰዎችን ስምና ዕድሜ ስትጠራ ትሰማለች። ለአንቺ የሚጠና ድርሻ ነው። ለእሷስ?

ግን እህታችን፣ ቴአትሩ እናትሽ የጠረጠረችው ዓይነት አይደለም። ለማያውቁት አንባቢዎቻችንም ስንል ትንሽ እናውራለት።

ደራሲዋ አን ዋሽበርን የምትባል አሜሪካዊት ናት። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ያኔ «ዘ ሲቪሊያንስ» ከሚባል የቴአትር ቡድን ጋር ሆና ጥቂት ተዋንያንን ኒውዮርክ ዎል ስትሪት ውስጥ ምድር ቤት በሚገኝ የተዘጋ የባንክ ካዝና ሰብስባ፣ «ከሲምፕሰንስ አንዱን ክፍል ከትዝታችሁ ተርኩልኝ» አለቻቸው። አንዱ ሲረሳ ሌላው እየሞላ፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እያረመ የተናገሩት ተቀዳና ለቴአትሩ መጀመሪያ መነሻ ሆነ። ሙዚቃውን የደረሰው ማይክል ፍሪድማን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው የት መሰላችሁ? እዚያው እህታችን ደጃፍ፣ ዋሽንግተን፣ «ዉሊ ማሞዝ» የተባለው ቴአትር ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2012። በ2013 ኒውዮርክ፣ በ2014 ለንደን ታየ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደጋግመው ሠርተውታል። ለተማሪ ይመቻል፤ አንዱ ኮከብ ሆኖ ሌላው በር ከፋች የሚሆንበት ስላልሆነ ሁሉም የሚሠራው አለው። ትወናው፣ ዘፈኑ፣ ጭንብሉ፣ ዳንሱ ሁሉ አለበት።

ሲምፕሰንስ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚታይ የአሜሪካ የካርቱን ቤተሰብ ነው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች። (በ2011 በታየው አንድ ክፍል እናትየዋ ልጆቿን ይዛ የኢትዮጵያውያን ሰፈር ገብታ እንጀራ በእጃቸው እየቆረሱ ሲበሉ ያዩ ወገኖቻችን ምን ያህል እንደተደሰቱ ይነገራል!) በቴአትሩ ውስጥ ሰዎቹ ሊያስታውሱት የሚታገሉት ክፍል በ1993 የታየው ነው። አንድ ወንጀለኛ ከእስር ተፈትቶ ባርት የሚባለውን ትንሽ ልጅ ሊገድል ይከታተለዋል። ጀልባ ላይ ይይዘዋል። ልጁ መውጫ ሲያጣ፣ «ከመሞቴ በፊት አንድ ኦፔሬታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝፈንልኝ» ብሎ ይለምነዋል። ሰውየው በድምፁ የሚመካ ነውና ይዘፍናል። ሲዘፍን ሲዘፍን ጀልባዋ ከተማ ትደርሳለች፤ ፖሊስ ይይዘዋል። ልጁ በዘፈን ዕድሜ ገዛ ማለት ነው።

ቴአትሩ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ከመላ አገሪቱ ጠፍቶ፣ የሚጠብቃቸው ያጡ የኑክሌር ጣቢያዎች ፈንድተው ሕዝብ ካለቀ ብዙ አልቆየም። (መብራት መጥፋት ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች ብርቅ አይደለም። ሻማ ለኩሰን፣ ጎረቤት ተጠራርተን እናወራለን። ይኸኛው ግን ተመልሶ የማይመጣው ነው።) የማይተዋወቁ ጥቂት ሰዎች እሳት ከብበው ካርቱኑን እያስታወሱ ይስቃሉ። በጨለማው ውስጥ ኮቴ ሲሰሙ መሣሪያ ያነሳሉ። የመጣው አንድ መንገደኛ ነው። ይፈትሹታል፤ ከዚያ ሁሉም ደብተራቸውን ያወጣሉ። ተራ በተራ ስም፣ ዕድሜ። ስም፣ ዕድሜ። መንገደኛውም የራሱን ይጠይቃቸዋል። አላየሁም፣ አላየንም።

በሁለተኛው ክፍል 7 ዓመት አልፏል። እነዚያ ሰዎች ተዘዋዋሪ የቴአትር ቡድን ሆነዋል። የካርቱኑን ክፍሎች ከትዝታ እየሠሩ ያሳያሉ። ከሌሎች ቡድኖች ጋር ይፎካከራሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር በትክክል የሚያስታውስ ሰው ከመጣ ከፍለው ይገዙታል። በመሐል የቀድሞውን ዘመን ማስታወቂያ ይሠራሉ፤ ሙቅ ውሃ የሞላ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ መጠጥ። ሰዉ የናፈቀው እሱን ነዋ! ክፍሉ የሚያበቃው ግን በሳቅ አይደለም። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ይገቡባቸዋል።

በሦስተኛው ክፍል ሌላ 75 ዓመት ተጨምሯል። ካርቱኑን በዓይኑ ያየ የለም። ታሪኩ ጭንብልና ዘማሪ ያለው ታላቅ ትርዒት ሆኗል። ገዳዩም ተለውጧል፤ የመጀመሪያው ወንጀለኛ ቀርቶ በቦታው የኑክሌር ጣቢያው ባለቤት ሚስተር በርንስ ገብቷል። ለምን? ሕዝቡን የጨረሰው የኑክሌር ጣቢያ ነዋ! ማንም አስቦ አልለወጠውም። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሐዘኑ ራሱ ገብቶ ታሪኩን ቀየረው። ሰዎቹ ወገናቸውን የበላውን ነገር ፊት ሰጡት። ፊት ካለው ሊዘፈንበት፣ ሊፎከርበት፣ ሊሸነፍም ይችላል። መጨረሻ ላይ በመድረኩ ላይ መብራት ይበራል፤ ያውም በሰው እግር ጉልበት የሚመነጭ።

እንግዲህ እህታችን፣ ጥያቄሽ «ሰው ባለቀበት መሳቅ ነውር ነው ወይ?» የሚል ነበር። ፈረንጆቹ ይህንን «ጥቁር ኮሜዲ» ይሉታል። የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ መከራ ባዩ ሰዎች ነው። ቶርንተን ዋይልደር አንድ ቤተሰብ ከበረዶ ዘመን፣ ከጥፋት ውሃና ከጦርነት እየተረፈ የሚቀጥልበትን አስቂኝ ቴአትሩን ለመድረክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1942፣ ዓለም በጦርነት ስትነድ ነው። ሳሙኤል ቤኬት በ1957 በታየው ሥራው ውጭው ሁሉ ባዶ የሆነበት አንድ ክፍል ውስጥ አሮጊት እናትና ሽማግሌ አባትን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሜል ውስጥ አስቀምጦ ተመልካቹን አስቋል። ቤኬት ናዚዎች ፈረንሳይን በያዙ ጊዜ በኅቡዕ ተቃውሞ ውስጥ የነበረ፣ ጓደኞቹ የተያዙበት ሰው ነው። ሳቁን ከድሎት አላመጣውም።

ግን ፈረንጅ ጋ ምን አስኬደን? «ጥርስ ባዳ ነው» የምንል ሕዝብ አይደለን እንዴ! ጥርስ ዘመድ አይደለም፤ ልብ እያዘነ ይስቃል ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ሂጂና እዪ። ቀብር በተመለሱ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ተነስቶ ሟች በሕይወት ሳለ የሠራውን ጉድ ያወራል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ባለቤትየዋ ሳትቀር እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትስቃለች። ማንም «ሟርተኞች» አይላቸውም። ያንን የማያደርግ ለቅሶ ቤት እንዲያውም ያስፈራል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትርም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነበር። እንስሳትን እያናገረ የሰውን ጉድ ስለሚያሳይ በዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሳቅ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር?

ስለዚህ እናትሽ ልክ ናት ወይ? በሙታን ላይ መሳቅ ነውር ነው ካለች ልክ ናት። የአንቺ ቴአትር ግን በሙታን ላይ አይስቅም። ስሞቹ ሲጠሩ ማንም ሰው አይስቅም። ታውቂዋለሽ፤ ስንት ጊዜ ተለማምደሽዋል። የዚያን ሌሊት ግን «ከዚያስ?» ስትልሽ «ከዚያማ ወደ ካርቱኑ ይመለሳሉ፤ ሰዉ ይስቃል» ብለሽ መለስሽላት። መሐል ላይ ያለውን ዝምታ ዘለልሽው። ሰዎቹ ወደ ካርቱኑ የሚመለሱት ሐዘኑ ስላለቀላቸው አይደለም። ስለደረሰባቸው ነገር ማውራት ስለማይችሉ ነው። አፋቸው የሚችለው ያንን ብቻ ነው። የአንቺን ድርሻ ሰምታ የተናደደችው እናትሽ፣ ካየችው፣ እነዚያን ሰዎች ከማናችንም በላይ የምታውቃቸው ይመስለናል። ሌሊት ሠርታ፣ ቤት ገብታ፣ ምግብ ሠርታ፣ ስለ ሌላ ሌላው እያወራች ስንት ዓመት ኖራለች?

አሁን አንድ ነገር እንጠይቅሽ። በደብዳቤሽ ሁሉ «ታላቅ ወንድሟ» ነው ያልሽው። ለመሆኑ የአጎትሽን ስም ታውቂዋለሽ? ዕድሜውንስ?

ካላወቅሽ የመጀመሪያ ሥራሽ እሱ ነው። እንዴት እንደምታደርጊው ደግሞ እንንገርሽ።

አንደኛ፣ ቀን ምረጪ። ከሌሊት ሥራ ደክማ ስትገባ አይሆንም። የዕረፍት ቀኗን ጠብቂ። ቡናውን አንቺ ቁዪ፤ አንቺ አፍዪ። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ስለ ቴአትር አታንሺ።

ሁለተኛ፣ በይቅርታ ጀምሪ። «ያን ሌሊት ስላስደነገጥኩሽ ይቅርታ፤ ምን እንደሰማሽ አሁን ገባኝ» በያት። ይህ ማለት ቴአትሩን መሥራትሽ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። በዚያ ሰዓት በዚያ ሁኔታ መስማቷ ስላሳዘነሽ ነው። እናቶች ይህን ልዩነት ያውቁታል።

ሦስተኛ፣ ስለ አጎትሽ ጠይቂያት። ስለ አሟሟቱ አይደለም! ምን ያስቀው ነበር? ምን ይወድ ነበር? እናትሽን ትንሽ ሳለች በምን ያበሽቃት ነበር? መልስ ካልሰጠችሽ ዝም በያት፤ አትጎትጉቻት። ብታለቅስ «አይዞሽ፣ ተዪው» ብለሽ አታቋርጫት። ያኔ ያልተለቀሰ ለቅሶ ሊሆን ይችላል። ማልቀሱ ከበረታባትና እንቅልፍ ካሳጣት ግን ሐኪሟን ወይም የምታምነውን የሐዘን አማካሪ እንድታነጋግር እርጃት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እንበልሽ። «ለትወናዬ ይጠቅመኛል» ብለሽ እንዳትጠይቂያት። የአጎትሽንም ስም በቴአትሩ ደብተር ላይ በራስሽ ፈቃድ እንዳትጨምሪው። የጽሑፉ መብት የደራሲዋ ነው፤ ተማሪ እንደፈለገ አይለውጠውም። የአጎትሽ ስም ደግሞ የእናትሽ ነው። ልብሽ ውስጥ ይዘሽው ብትወጪ የሚከለክልሽ የለም። መድረክ ላይ የምትጠሪው ግን የተጻፈልሽን ነው።

አራተኛ፣ ቴአትሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሪያት። ተረት እንደምትነግሪ አድርገሽ፣ በአማርኛ። ካርቱኑን ስለማታውቅ ግራ ይገባታል ብለሽ አትስጊ። እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፡- «እማዬ፣ መብራት ለዘላለም ጠፍቶ እሳት ዳር ብትቀመጪ የትኛውን ታሪክ ታስታውሺ ነበር?» ቴሌቪዥን ከነበራቸው ሰዎች አንዷ ከነበረች፣ ወይም ጎረቤት ቤት ገብታ ካየች፣ ምናልባት ለ40 ዓመታት ያህል ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት የነገሩንን አባባ ተስፋዬን ታነሳልሽ ይሆናል። ግማሹን አስታውሳ ግማሹን ትረሳዋለች። ወንድምሽም ይሰማል። ያኔ ሳትሰብኪያት ቴአትሩ ምን እንደሆነ ይገባታል፤ ራሷ እየሠራችው ነዋ!

አምስተኛ፣ የሚያስደነግጠውን አትደብቂያት። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በመጀመሪያው ክፍል መሣሪያ እንደሚነሳ፣ በሁለተኛው መጨረሻ ታጣቂዎች እንደሚገቡ፣ በሦስተኛው ሰው እንደሚገደል አስቀድመሽ ንገሪያት። አዘጋጃችሁን የተኩስ ድምፅ የሚሰማው በየትኛው ደቂቃ እንደሆነ ጠይቀሽ ዕወቂ። ለተመልካች ማስጠንቀቂያ በር ላይ ይለጠፍ እንደሆነም ጠይቂ፤ ከሌለ እንዲለጠፍ ሐሳብ አቅርቢ። በሩ ተንኳክቶ ወንድሟ የተወሰደባት እናትሽ ብቻ አይደለችም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሶርያም፣ ከኮሶቮም፣ ከላይቤሪያም የመጣ ወላጅ ሊቀመጥ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ልትመጣ ከፈቀደች መጀመሪያው ቀን አትጥሪያት። የዚያን ቀን አንቺም ትርበተበቻለሽ፤ አዳራሹም ይጨናነቃል። በሌላ ቀን፣ ዳር ላይ፣ ለመውጫው የቀረበ ወንበር ያዢላት። ወንድምሽ አጠገቧ ይቀመጥ፤ ካርቱኑንም በጆሮዋ ያስረዳታል። «ካልተመቸሽ በማንኛውም ሰዓት ውጪ፤ አልቀየምም» በያት። ስትናገሪም ከልብሽ ይሁን።

ሰባተኛ፣ አልመጣም ካለች ተቀበዪው። አታኩርፊ። «እነ እገሌ እናታቸው መጥታ» አትበዪ። እሷም ብትሆን «ሂጂ፣ ሥሪ፤ እኔ ግን አልችልም» የማለት መብት አላት። ያ ማለት አትወድሽም ማለት አይደለም። ማታ ስትመለሺ ምግቡ ምድጃው ላይ ተከድኖ ካገኘሽው መልሱን ሰጥታሻለች።

ለጓደኞችሽ ደግሞ ይህን በያቸው። ሦስት ሳምንት ሲቀር ድርሻ ጥሎ መውጣት ሌሎቹን መበደል ነው። እሳት ከብቦ የሚወራ ታሪክ አንድ ሰው ሲነሳ ይጎድላል። የራሱ የቴአትሩ ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ካልሞላለት ታሪኩ ይጠፋል።

ለሌሎቻችሁ ወጣት አንባብያን አንድ ቃል እናክል። በየቤታችሁ ስሙ የማይነሳ ሰው አለ። በቀይ ሽብር፣ በ1977ቱ ድርቅ፣ በድንበር ጦርነት፣ ወይም በቅርቡ ጦርነት የቀረ። ወላጆቻችሁ ዝም ያሉት ስለረሱት አይደለም። የሚያስታውሱትን የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠፋ ግን ያ ስም ከእነሱ ጋር ይሄዳል። መጠየቂያ ቴአትር መጠበቅ የለባችሁም። ቡና በቂ ነው።

እህታችን፣ መልካም ልምምድ። እናትሽ መጣችም ቀረችም፣ የሆነውን ጻፊልን። አማርኛሽ ደግሞ ምንም አይወጣለት። ይህንንም ለእናትሽ ንገሪያት።